መርፌው ከመውረዱ በፊት፦ ስለ ክዊልት ጠረጴዛና ስለ ሥራ ቦታው የተደረገ ምልልስ

ክዊልት ማለት ሦስት ንጣፎች ተደራርበው በአንድነት የሚሰፉበት ብርድ ልብስ ወይም የግድግዳ ጌጥ ነው። ከላይ ያለው ፊቱ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ትናንሽ የጨርቅ ቁርጥራጮች ይገጣጠማል፤ በመሃል ሙቀት የሚይዘው የጥጥ ወይም የሱፍ ሙሌት ይገባል፤ ከሥር ደግሞ ገበሩ ይነጠፋል። ሙያው በሰሜን አሜሪካ ቤቶች ውስጥ ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ በሚከተለው ምልልስ የሚነጋገሩት ሁለት ሴቶች የሚኖሩትም በዚያው ነው፦ አንደኛዋ በሜሪላንድ ግዛት በልብስ ስፌት የኖሩ መምህርት ናቸው፤ ሁለተኛዋ በኪራይ አፓርታማ የምትኖርና ክዊልት ለመጀመር የተነሣች ተማሪያቸው ናት። የሚመረምሩት ጥያቄ፣ በተራ ቤት ውስጥ፣ በመጠነኛ ወጪ፣ ሥራውንም ሠራተኛዋንም የማይጎዳ ጠረጴዛና የሥራ ቦታ እንዴት ይዘጋጃል የሚለው ነው።

ተማሪ፦ እትዬ፣ ክዊልት ለመጀመር የሚነሣ ሰው ከሁሉም አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር ጥሩ የስፌት መኪና እንዲገዛ ነው። አቅም የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን፣ ገንዘቡ ለመኪናው ይዋል ወይስ ለጠረጴዛው?

መምህርት፦ ቀጥ ያለ ስፌት በትክክል የሚሰፋ ማንኛውም መኪና ለመጀመሪያው ክዊልት ይበቃል፤ መጥፎ ጠረጴዛ ግን የትኛውንም ጥሩ መኪና ከንቱ ያደርጋል። ምክንያቱ ክብደት ነው። ለሁለት ሰው አልጋ የሚሆን ክዊልት በግምት 2.20 በ2.40 ሜትር ስለሚሆን፣ ሙሌቱና ገበሩ ሲጨመሩበት 2 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ጨርቅ ከጠረጴዛው ዳር ተንጠልጥሎ ወደ ወለሉ ሲስብ፣ ከመርፌው ሥር ሆነው ጨርቁን የሚያራምዱት ጥርሶች ሊቋቋሙት አይችሉም፤ እነርሱ የተሠሩት ጠረጴዛ ላይ ያረፈን ጨርቅ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ እንዲያሳልፉ እንጂ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ ሽቅብ እንዲጎትቱ አይደለምና።

ተማሪ፦ ጉዳቱ በስፌቱ ላይ የሚታየው በምን መልክ ነው?

መምህርት፦ ጨርቁ ወደ ኋላ ሲታገድ ስፌቱ ያጥራል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ይረዝማል፤ መርፌው ወደ ተጎተተው ጨርቅ ጎበጥ ስለሚል ከሥሩ ያለውን ብረት ይመታና ይሰበራል። ጀማሪዋ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን በክሩ ውጥረት ላይ ታሳብባለች፤ ውጥረቱን ታጠብቃለች፣ ታላላለች፣ ክር ትለውጣለች፣ መኪናውንም ለጥገና ትሰጣለች። ችግሩ ያለው ከመርፌው አንድ ክንድ ርቆ፣ ጨርቁ ከጠረጴዛው በሚወድቅበት ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ የክዊልት ጠረጴዛ የመጀመሪያው ግዳጅ መኪናውን መሸከም ሳይሆን ጨርቁን መሸከም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተማሪ፦ በኢትዮጵያ ከተሞች በሱቅ በረንዳ ላይ የሚቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ጠረጴዛቸው ትንሽ ነው፤ ሥራቸው ግን ቀጥ ያለና ያማረ ነው። ታዲያ እነርሱ ያለ ትልቅ ጠረጴዛ እንዴት ይሳካላቸዋል?

መምህርት፦ የእነርሱ ጠረጴዛ ትንሽ ቢሆንም አንድ ትልቅ ብልሃት አለው። በእግር እየተመታ የሚሠራው አሮጌው መኪና በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ አይደለም፤ በጠረጴዛው ውስጥ የተቀበረ ነው። መርፌው የሚወርድበት ብረትና በዙሪያው ያለው እንጨት አንድ ደረጃ ላይ ስለሆኑ ጨርቁ ያለ ዕንቅፋት ተዘርግቶ ያልፋል፣ የሰፊው ክንድም በእንጨቱ ላይ ያርፋል። ተንቀሳቃሹ የኤሌክትሪክ መኪና ሲስፋፋ ግን ይህ ጥቅም ለብዙ ቤቶች ጠፋ። ለምሳሌ በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ሲንጀር 221፣ በቅጽል ስሙ ፌዘርዌይት የሚባለው፣ በ1933 ለገበያ ሲቀርብ ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለነበር በቦርሳ ተይዞ ይሄድ ነበር። ተንቀሳቃሽነቱ ለሰፊዋ ነፃነት ሰጣት፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው መኪና በምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የስፌቱ ወለል ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ጨርቁ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል እንዲወርድ አደረገ። ሲንጀር ራሱ መሃሉ ተቆርጦ መኪናውን የሚያስገባ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ለዚሁ ሞዴል ሠርቶ መሸጡ፣ ችግሩ ገና ከጥንቱ የታወቀ እንደነበር ያሳያል።

ተማሪ፦ እንግዲያው ጠረጴዛው ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው?

መምህርት፦ ቁጥሩ የሚገኘው ከሱቅ ሳይሆን ከሠራተኛዋ አካል ነው። በምትሠራበት ወንበር ላይ ውስጥ እግሯ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ረግጦ፣ ጭኗ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ትከሻዋ ሳይነሣ ትቀመጥና ክርኗን በ90 ዲግሪ ማዕዘን አጥፋ ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ክርኗ ይለካላታል። ጨርቁ የሚያርፍበት ወለል በዚያ ከፍታ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት ብትለካ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 63 ወይም 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው የምግብ ጠረጴዛ ግን ከ71 እስከ 76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ተንቀሳቃሹ መኪና በላዩ ሲቀመጥ ሌላ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ እጇ መሥራት ከሚገባው ቦታ ከአንድ ደርዘን ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሊሠራ ነው ማለት ነው፤ ትከሻዋ ቀኑን ሙሉ እንደተነሣ ይውላል፣ ማታ አንገቷና የጀርባዋ የላይኛው ክፍል የሚያማትም ለዚህ ነው።

ተማሪ፦ ወንበሩን ከፍ ማድረግ አይበቃም?

መምህርት፦ ብቻውን አይበቃም፤ ወንበሩ ሲነሣ እግር ይንጠለጠላል፣ የጭን ሥርም በወንበሩ ጠርዝ ይጫናል። ስለዚህ ወንበሩ ከፍ ካለ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋና የማይንሸራተት መርገጫ ይደረጋል፤ የመኪናው ፔዳልም በዚያው መርገጫ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱ እግሮች በአንድ ከፍታ ካልሆኑ ዳሌው ይጣመማልና። ከዚህ የሚሻለው መንገድ የስፌቱን ወለል ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህም የሚሆነው መኪናውን እንደ ጥንቱ በጠረጴዛው ውስጥ በመቅበር ነው።

ተማሪ፦ ይህ ሥራ ለተራ አናጢ የሚከብድ ነው?

መምህርት፦ አይከብድም፤ ልኩ በጥንቃቄ ከተወሰደ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ መኪናው በጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና የመሠረቱ ዙሪያ በእርሳስ ይሰመራል። ቦታው ሲመረጥ መርፌው ከፊተኛው ጠርዝ ቢያንስ አንድ ስንዝር ገባ ያለ ይሁን፣ ክንድ የሚያርፍበት ስፍራ እንዲኖር፤ መኪናውም ከመሃል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይበል፣ ክዊልቱ በብዛት የሚከማቸው ከመርፌው በስተግራ ነውና። ቀጥሎ የተሰመረው ይቆረጣል፤ ከቀዳዳው ሥር ጠንካራ ኮምፔርሳቶ እንደ መደርደሪያ በአራት ማዕዘኑ በረጃጅም ብሎኖች ይንጠለጠላል። ብሎኖቹ የሚያስፈልጉት ዳዶው ሲጠብቅና ሲላላ መደርደሪያው ከፍና ዝቅ እያለ የመኪናው ወለልና የጠረጴዛው ገጽ በትክክል እስኪገጥሙ ድረስ እንዲስተካከል ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚያልፍበትና የታችኛው ክር የሚቀየርበት ክፍተትም መኖር አለበት፤ ይህ ከተረሳ ክር ባለቀ ቁጥር መኪናውን ማውጣት ግድ ይሆናል።

ተማሪ፦ ጉልበትስ ከመደርደሪያው ጋር አይጋጭም?

መምህርት፦ ሊጋጭ ስለሚችል አስቀድሞ መለካት ያሻል። ተቀምጦ ከወለሉ እስከ ጭኑ አናት ያለው ርቀት ይወሰድና ከመደርደሪያው ሥር ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ መኖሩ ይረጋገጣል። ሌላው ጉዳይ ንዝረት ነው፦ የቤት ውስጥ መኪና በሙሉ ፍጥነቱ ሲሠራ በደቂቃ ከ600 እስከ 1000 ጊዜ ይወጋል፤ የላላ እግር ያለው ጠረጴዛ ይህን መትቶ ይመልሰዋል፣ ስፌቱም አብሮ ይወዛወዛል። እግሮቹ በአግዳሚ እንጨት ቢታሰሩና ከሥራቸው ላስቲክ ቢደረግ ንዝረቱ ይቀንሳል። ገጹ ደግሞ ለስላሳ ይሁን፤ ፎርማይካ የለበሰ ወይም በሚገባ ተፈግፍጎ በሰም የታሸ እንጨት ጨርቁን ሳይዝ ያሳልፈዋል።

ተማሪ፦ የኪራይ ቤት ነዋሪ፣ ሌላ ጠረጴዛ መግዛት የማትችልና የምግብ ጠረጴዛዋን መቁረጥ የማትፈልግ ሴት ምን ታድርግ? ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ቢሆንስ?

መምህርት፦ መኪናውን ዝቅ ማድረግ ካልተቻለ ዙሪያውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከመኪናው ወለል ጋር እኩል ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም ወይም የተደራረበ ሰሌዳ በመኪናው ቅርጽ ተቆርጦ በግራና በኋላ ይዘረጋል፤ ሥራው ሲያበቃ ተነሥቶ ከአልጋ ሥር ይገባል። ይህ የጨርቁን ችግር ይፈታል፣ የከፍታውን ችግር ግን ስለማይፈታ ወንበሩና መርገጫው አብረው መስተካከል አለባቸው። ከዚህም ጋር ጠረጴዛውን ወደ ክፍሉ ጥግ ማስጠጋት ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ትልቅ ጥቅም ነው፦ የኋላውና የግራው ግድግዳ ክዊልቱ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። በስተግራ ሌላ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ቁመቱ የሚገጥም ከሆነም ኮሞዲኖ፣ ቢጨመር ጨርቁ የሚያርፍበት ቦታ ይሰፋል። ሰፊ ገጽ ለሚያስፈልጋት ደግሞ አንድ አሮጌ የቤት በር በሁለት ባለመሳቢያ ቁም ሣጥኖች ላይ ቢጋደም፣ በአሜሪካ የበር ቁመት አብዛኛውን ጊዜ 203 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ጠረጴዛ ተገኘ ማለት ነው።

ተማሪ፦ መስፋቱ እንዲህ ከተስተካከለ፣ መቁረጡስ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢሠራ ምን ይጎዳል?

መምህርት፦ መስፋት የመቀመጥ ሥራ ነው፤ መቁረጥ ግን የመቆም ሥራ ነው። ለስፌት የሚስማማው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ቆሞ ለሚቆርጥ ሰው ወገብ ይሰብራል። ቆሞ ለሚሠራ ሥራ ተስማሚው ከፍታ ከክርን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ሲሆን፣ እጅ ወደ ታች መጫን ካለበት ደግሞ ትንሽ ይበልጥ ዝቅ ሊል ይችላል። 1.60 ሜትር ለምትረዝም ሴት ይህ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአሜሪካ ወጥ ቤት የተለመደው የመደርደሪያ ከፍታ 91 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ፣ በደንብ የተወለወለ የወጥ ቤት መደርደሪያ ለመቁረጫ ይሆናል። ሌላ ጠረጴዛ ካለም ከእግሮቹ ሥር ጠንካራ ማስረዘሚያ ገብቶ ከፍ ሊል ይችላል።

ተማሪ፦ ዛሬ ብዙዎች በመቀስ ፋንታ በተሽከርካሪ ምላጭ ይቆርጣሉ። ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

መምህርት፦ ተሽከርካሪ ምላጭ ማለት እጀታ ያለውና እየተንከባለለ የሚቆርጥ ክብ ስለት ነው። ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1979 ካወጣው ወዲህ የክዊልት ሥራ በእጅጉ ተለውጧል፤ ቀድሞ እያንዳንዱ ቁራጭ በካርቶን ቅርጽ እየተሰመረ በመቀስ ይቆረጥ የነበረው፣ ብዙ ንጣፍ ተደራርቦ በአንድ ጊዜ በማስመሪያ ጠርዝ ይቆረጥ ጀመር። ለዚህ ሦስት ነገሮች አብረው ይሄዳሉ፦ 45 ሚሊ ሜትር ስለት ያለው ምላጭ፣ ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ 15 በ60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ግልጽ ማስመሪያ፣ እና የምላጩን ጭረት መልሶ የሚገጥም የመቁረጫ ንጣፍ። ንጣፉ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ወይም ትኩስ ካውያ በሚያርፍበት ቦታ ከተቀመጠ ግን ይጣመምና ወደ ነበረበት አይመለስም።

ተማሪ፦ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ሚሊ ሜትር ነው?

መምህርት፦ አዎን፣ ልጄ፤ በክዊልት አንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ አይደለችም። ሁለት ቁራጮች ሲጋጠሙ ከጠርዛቸው እስከ ስፌቱ ያለው ስፋት የስፌት ትርፍ ይባላል፤ በአሜሪካ ልማድ ይህ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ረድፍ 20 ቁራጮች ቢኖሩት 19 ስፌቶች ይኖሩታል፤ በእያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ቁራጮች አንድ አንድ ሚሊ ሜትር በትርፍ ቢበላ፣ ረድፉ በ38 ሚሊ ሜትር ያጥራል፣ ከጎረቤት ረድፍ ጋርም አይገጥምም። መብራቱ፣ የጠረጴዛው ከፍታና የመቁረጫው ጽናት የሚታሰቡት ይህ ጥቃቅን ስሕተት እንዳይከማች ነው።

ተማሪ፦ ካውያውስ የት ይቀመጥ? በወጥ ቤት አሠራር ላይ የተጻፉ መጻሕፍት ሁሉም ነገር በእጅ ርቀት ይሁን ይላሉ። በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለችው አርክቴክት ለፍራንክፈርት የመኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ወጥ ቤት 1.9 በ3.4 ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ እርምጃን እንዲቆጥብ ታስቦ ነበር የተሠራው። መቁረጫው፣ መስፊያውና መተኮሻው በዚያው ሕግ በተቀመጡበት ዞር ብቻ ብሎ ለመድረስ ቢቀራረቡ አይሻልም?

መምህርት፦ የሹተ ሊሆትስኪ ሐሳብ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ የሴት ድካም እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ድካም ሊለካና ሊቀነስ የሚገባው መሆኑን በግንብ አሳይቷል። ነገር ግን ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ቆማ እየተንቀሳቀሰች ትሠራለች፤ የምትሰፋው ሴት ደግሞ ለሰዓታት ሳትነቃነቅ ትቀመጣለች። ለመጀመሪያዋ የሚጠቅመው እርምጃን መቀነስ ሲሆን፣ ለሁለተኛዋ ግን ጥቂት እርምጃ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሦስቱን ቦታዎች በሦስት ማዕዘን፣ በሁለት ወይም በሦስት እርምጃ አራርቆ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሠራተኛዋ በየግማሽ ሰዓቱ ለመተኮስ ስትነሣ ወገቧ ይፍታታል፣ ዓይኗም ከመርፌው ላይ ይነሣል።

ተማሪ፦ ይሁንና ትናንሽ ቁራጮች ሲገጣጠሙ እያንዳንዱ ስፌት መተኮስ አለበት። ለእያንዳንዷ ስፌት መነሣት ሥራውን አያቆራርጠውም?

መምህርት፦ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መፍትሔውም ሥራውን በጥቅል ማድረግ ነው። ብዙ ጥንዶች ክሩ ሳይበጠስ ተከታትለው ይሰፋሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ይተኮሳሉ። ለጥድፊያ ያህል ደግሞ ከመኪናው በስተቀኝ ትንሽ መተኮሻ ሰሌዳ ቢኖር አይከፋም፦ በኮምፔርሳቶ ላይ የጥጥ ሙሌት ተነጥፎ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ቢሸፈን ይበቃል። በዚያም ላይ ካውያው እየተጎተተ አይተኮስም፤ ይነሣል፣ ይጫናል፣ እንደገና ይነሣል፤ ከተጎተተ ቁራጩ ይለጠጥና ልኩን ያጣል። ኤሌክትሪኩም ይታሰብበት፦ በአሜሪካ አንድ ተራ የቤት መስመር በ120 ቮልት እስከ 15 አምፔር፣ ማለትም 1800 ዋት፣ ይሸከማል፤ አንድ ካውያ ብቻውን ከ1500 እስከ 1800 ዋት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ካውያው ከክፍል ማሞቂያ ጋር በአንድ መስመር አይሰካ፤ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አይሠራ። ከአሜሪካ የተገዛ ባለ 120 ቮልት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ከተወሰደም በዚያ ያለው ኃይል 220 ቮልት በመሆኑ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል።

ተማሪ፦ መብራቱስ ስንት ዓይነት ይሁን?

መምህርት፦ ሁለት ዓይነት፦ ክፍሉን በሙሉ የሚያለብስና መርፌውን ለብቻው የሚያሳይ። ቀኝ እጅ ለሚጠቀም ሰው የሥራው መብራት ከግራ ይምጣ፣ የእጁ ጥላ በስፌቱ ላይ እንዳይወድቅ። አምፖል ሲገዛ በማሸጊያው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ይታዩ፦ በብርሃን ቀለም መለኪያ 5000 ኬልቪን አካባቢ የሆነው ከቀን ብርሃን ይቀራረባል፤ ቀለምን በታማኝነት የማሳየት መለኪያውም ከ100 ቢያንስ 90 ቢሆን ይመረጣል። በቢጫ መብራት የተመረጠ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ በጠዋት ብርሃን ሲታይ ሌላ ሆኖ ይገኛልና። ቀለሞች እርስ በርስ መስማማታቸውን ለመመልከት ደግሞ ግድግዳ ያስፈልጋል፦ ፀጉራም የጥጥ ጨርቅ ወይም ራሱ ሙሌቱ በግድግዳው ላይ ሲወጠር፣ ቁራጮቹ ያለ ስፒል ተጣብቀው ይቆያሉ፤ ሠራተኛዋ ከሁለት ሜትር በላይ ርቃ ስታያቸው የማይስማማው ቁራጭ ወዲያው ይለያል።

ተማሪ፦ ሦስቱ ንጣፎች የሚያያዙትስ የት ነው? ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው የሚባለው።

መምህርት፦ ወለል ጉልበትንም ወገብንም ስለሚጎዳ፣ ጠረጴዛ ካለ በጠረጴዛ ላይ ይሠራ። ገበሩ ከተገላበጠ በኋላ ሳይለጠጥ ተወጥሮ በጠረጴዛው ጠርዝ በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ሙሌቱ ይነጠፍበታል፣ ፊቱ ይደረብበታል፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር በየአንድ መዳፍ ርቀት በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ጨርቁ ተገፍቶ ቀጣዩ ክፍል ይወጠራል። ቀሪው ጥንቃቄ አጭር ነው፦ ምላጩ ከእጅ በወጣ ቁጥር ስለቱ ይከደን፣ ያረጁ ምላጮችና የተሰበሩ መርፌዎች ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይጠራቀሙ፣ ጨርቁም ቀለሙ እንዳይነሣ ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ይቀመጥ።

ተማሪ፦ እትዬ፣ በመጨረሻ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። በአላባማ ግዛት የጂስ ቤንድ መንደር ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ክዊልቶች በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ በቅተዋል። በ1837 በባርነት የተወለደችው የጆርጂያዋ ሐሪየት ፓወርስም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ያሳየችበት ክዊልት ዛሬ በስሚትሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ ሴቶች ልክ የተወሰደለት ጠረጴዛም፣ 5000 ኬልቪን አምፖልም አልነበራቸውም። ታዲያ ይህ ሁሉ ዝግጅት ለሥራው እውነተኛ ጥቅም አለው፣ ወይስ የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው?

መምህርት፦ ጥበቡ ከጠረጴዛ እንደማይመነጭ እነዚያ ሴቶች ለዘለዓለም አስመስክረዋል፤ ይህን የሚክድ ማንም አይኖርም። ነገር ግን ያለ ዝግጅት ሠሩ ማለት እነርሱን ማሳነስ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችና በአፓላቺያ ተራሮች በነበሩ ጠባብ ቤቶች፣ ክዊልቱ የሚወጠርበት ትልቅ የእንጨት ፍሬም በገመድ ከጣሪያው ይንጠለጠል ነበር፤ ለሥራ ጊዜ ይወርዳል፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ለእራትና ለመኝታ ጊዜ ተመልሶ ይሰቀላል። ይህ ፍሬም ክዊልቱን በሙሉ በአንድ ደረጃ ይሸከም ነበር፤ እስካሁን ስለ ጠረጴዛው የተባለው ሁሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ያላቸው ቦታ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ ሳለ ጣሪያውን የሥራ ቦታ ያደረጉ ሴቶች፣ የሥራ ቦታን ጥቅም ከማንም ይበልጥ ያወቁ ናቸው። የጎደላቸውን የከፈሉት በዓይናቸው፣ በጣታቸውና በወገባቸው ነው፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣችው ሴት ያንኑ ዋጋ ዳግመኛ እንድትከፍል የሚያስገድድ አንዳች ምክንያት የለም።

ተማሪ፦ እንግዲያው መጠነኛ ገንዘብ ያላት ሴት በምን ቅደም ተከተል ታውጣው?

መምህርት፦ መጀመሪያ ምንም የማያስወጣውን ታድርግ፦ ክርኗን ትለካ፣ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ታስጠጋ፣ ቆሞ ለመቁረጥ የሚሆነውን ገጽ በቤቷ ውስጥ ትፈልግ። ቀጥሎ ከፍ ዝቅ የሚል ወንበርና መርገጫ፤ ከዚያ ከመኪናው ወለል ጋር የሚገጥም ገጽ፣ በአናጢም ይሁን በፎም፤ ከዚያ መብራት፤ ከዚያ ምላጩና ንጣፉ። አዲስ መኪና የዝርዝሩ መጨረሻ ነው።

ተማሪ፦ ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ጠረጴዛው ለሥራው መብቃቱ በምን ይታወቃል?

መምህርት፦ ፈተናው ቀላል ነው። በቤት ካለው ብርድ ልብስ ከባዱ ተወስዶ መሃሉ ከመርፌው ሥር ይደረግና መርፌውም ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግርም ሳይወርዱ ሁለቱም እጆች ይለቀቃሉ። ብርድ ልብሱ ወደ አንድ ወገን ከተንሸራተተ፣ በተንሸራተተበት በኩል ገጽ ይጨመራል፤ ባለበት ከቆየ ደግሞ ሠራተኛዋ ተቀምጣ ሁለት ክንዷን በገጹ ላይ ታሳርፋለች፣ ትከሻዋ ከተነሣም ከፍታው እንደገና ይታረማል። ሁለቱንም ያለፈ ጠረጴዛ፣ ከበር የተሠራም ቢሆን፣ የክዊልት ጠረጴዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሰፊዋ እጅ ሸክም መያዙን ትቶ ጨርቁን መምራት ብቻ ይቀረዋል።